የመርየም የጠፈር ልብስ

ሐረር፣ መኪና ግርግር የሚባል መንገድ ላይ ልብስ ሰፊ ነኝ። መንገዱ ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪናዎቹ ጩኸት ነው፤ ከፈረስ መጋላ ቁልቁል ስትወርዱ ግራና ቀኝ እኛው ነን። ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ፣ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። በመሀል በመሀል አንድ ልብወለድ ጻፍኩ። አራት ዓመት ፈጀ።

ታሪኩ ቀላል ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ ምድር ላይ ውሃ አልቋል። መንኮራኩር ሐረር ያርፋል፣ ሰው ተሰልፎ ይሳፈራል። መርየም የምትባል የጁገል ግንብ በር ከፋች ብቻ አልሄድም ትላለች። ለምን ሲሏት፣ "ጠዋት በሩን ማን ይከፍታል?" ትላለች። መጽሐፉ እዚያ ላይ ያልቃል።

ኤልሳዕ የሚባል ዳይሬክተር ከአዲስ አበባ መጥቶ ፊልም ላድርገው አለ። ፈረምኩ። ሥራዬን ሲያውቅ ደግሞ የጠፈር ልብሱንም አንቺው ስፊልን አለ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ሸዋ በር ገበያ ናፊያ የምትባል ጨርቅ ነጋዴ አንድ ጥቅል ብርማ ጨርቅ ነበራት፤ ለሰርግ ድንኳን ብላ አምጥታ ማንም ዞር ብሎ አላየላትም። ሙሉውን ወሰድነው። ሰባት ልብስ ይወጣዋል፣ ከዚያ በላይ እጅጌ እንኳ አይተርፍም።

ስድስቱን ሰፋሁ፣ ተዋናዮቹ ለብሰው ተቀረጹ፣ ልብሱም ከነሱ ጋር አዲስ አበባ ተመለሰ። ሰባተኛውን በተላከልኝ ልኬት ቆርጬ ጨረስኩ፤ የቀረው መስፋቱ ነው። የዚያኑ ቀን ከሰዓት ኤልሳዕ መጣ።

"ይሄ የማን ነው?" አልኩት። "አንገቱ ላይ ስም ልጽፍ ነው።"

"የመርየም።"

"መርየም አትሄድም።"

"ትሄዳለች" አለ፣ ስልኩን እያየ። "ስፖንሰሮቹ መጨረሻው ተስፋ ይኑረው አሉ። ልነግርሽ ነበር።"

"መቼ? ሲኒማ ቤት?"

"ነኢማ፣ ውል አለን። ታሪኩን መቀየር እችላለሁ።"

"ትችላለህ። መጽሐፉን ነው የፈረምኩልህ፣ እጄን አይደለም።"

መቀሴን ኪሴ ከተትኩ።

ያለ ልብሱ መንኮራኩሩ ላይ ሊያሳፍራት አይችልም። ባለፈው ሳምንት በቀረጸው ላይ አንድ ሰውዬ ያለ ጠፈር ልብስ ደረጃውን ሲረግጥ ታፍኖ ይወድቃል። ያንን እሱ ራሱ ነው የጨመረው። የእኔ መጽሐፍ ውስጥ የለም።

"እዚህ መንገድ ላይ ስንት ልብስ ሰፊ አለ?" አለ።

"ቁጠራቸው።"

ቁራጮቹን በፌስታል ሰብስቦ ወጣ። ከእሱ ጋር የመጣችው፣ መርየምን የምትሠራው ተዋናይ ሊድያ እኔ ጋ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነበር። አልተከተለችውም።

መጀመሪያ ጎረቤቴ አው ቡሽራ ጋ ገባ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው። ሁሉም ይሰማል፤ ግድግዳችን ጣውላ ነው።

"አባቴ፣ ይቺን ይገጣጥሙልኛል?"

"ማን ቆረጠው?"

"ነኢማ።"

"እና ነኢማ ሞተች?"

"አረ አልሞተችም። እዚህ አጠገብዎ አለች።"

"አልሐምዱሊላህ። በል ለሷ ስጣት።"

እኛ ጋ አንዱ የቆረጠውን ሌላው አይሰፋም። ልብሱ ከተበላሸ ጥፋቱ የመቀሱ ይሁን የመርፌው አይታወቅም፣ ጠብ ያመጣል። ቆራጩ ካልሞተ ወይ ካልታመመ ማንም አይነካውም። ለእኔ ብለው አይደለም። አው ቡሽራ ስለ መንኮራኩር መጻፌን እስከዛሬ አልወደዱትም።

ቀጥሎ ነስሮ ጋ ሄደ። ነስሮ የሚሰፋው ከመንገዱ ማዶ ነው፣ ሲያወራ ደግሞ ሰፈሩን ያዳርሳል።

"ነኢማ የቆረጠችውን? አቦ፣ ከሷ ጋ ከምጣላ ከመንኮራኩሩ ጋ ብጣላ ይሻለኛል።"

ሊድያ ሳቀች። እኔ ዚፕ እየፈታሁ ነበር።

ኤልሳዕ እስከ ታች ወርዶ በላብ ተጠምቆ ተመለሰ።

"ድሬዳዋ እወስደዋለሁ።"

"አሁን አሥራ አንድ ሰዓት ነው። ስትደርስ ዘግተዋል።"

ቀረጻው ነገ ንጋት ላይ ነው። ሊድያ እዚያው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ወደ አየር ማረፊያ ትሄዳለች፣ ሌላ ሥራ ይዛለች። ይሄን እሱም ያውቃል።

"እሺ" አለ። "ጀርባዋን ሰጥታ ወደ መንኮራኩሩ ትራመዳለች። ልብሱን በኋላ በኮምፒውተር እናለብሳታለን።"

"አልብሷት። እኔም እመጣለሁ።"

ንጋት ላይ ወደ ቀረጻው፣ ከግንቡ በሮች አንዱ ወደሆነው ኤረር በር ሄድኩ። ለፊልሙ ብለው በሩ ላይ የጣውላ መዝጊያ ገጥመው፣ በብረት መወርወሪያ ዘግተውታል። ሊድያ የበር ከፋቿን ቀሚስ ለብሳ ከመዝጊያው ስር ቆመች። ኤልሳዕ "ወደኋላ እንዳታዪ" አላት። ካሜራው ተነሳ። ከበሩ እየራቀች መራመድ ጀመረች።

በሩ ተንኳኳ።

ከከተማው ውጭ ያለችው የሶፊ ገበሬዎች ናቸው። በየቀኑ በዚህ ሰዓት ጫት በአህያ ጭነው ይገባሉ።

"ማነው እዚህ በር ላይ በር የሠራው?" አለች አንዲት ሴት ከውጭ።

"ክፈቱ አቦ፣ ጫቱ እየጠወለገ ነው" አለ ሌላ።

ሊድያ ቆመች። ኤልሳዕ በእጁ ቀጥዪ አላት። እኔን አየችኝ። መጽሐፉን ሦስቴ አንብባዋለች፣ ከኔ የምትሰማው የለም።

ዞረች። ተመልሳ መወርወሪያውን ሳበች። ከብዷት ነበር፣ በትከሻዋ ገፋችው። አህዮቹ ገቡ፣ ሴቶቹ ገቡ፣ ማንም ካሜራውን አላየም፤ የገበያ ሰዓት ነው። መጨረሻ ላይ አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ይዘው ገቡና አጠገቧ ቆሙ።

"አላህ ይስጥሽ ልጄ። ነገም አንቺ ነሽ?"

ሊድያ የከፈተችውን በር አየች።

"እኔ ነኝ" አለቻቸው።

እሳቸው ሄዱ። ኤልሳዕ "አቁሙ" አላለም። ካሜራ ያዡም አላቆመም። እሷ የተከፈተውን በር ይዛ ቆማ፣ ፀሐይ ፊቷ ላይ እስክትወጣ ድረስ ቀረጹ።

ሊድያ ስትሄድ ኤልሳዕ ፌስታሉን ይዞ መጣ። ዓይኑ ቀልቷል።

"ስፖንሰሮቹን ምን ልበላቸው?"

"ልብሱ አልደረሰም በላቸው። ውሸት አይደለም።"

"ፊልሙን ቢተዉትስ?"

"ይተዉት። መርየምን ግን አይወስዷትም።"

ፌስታሉን ዘረጋልኝ። ተቀብዬው ሱቄን ልከፍት ሄድኩ።