የአራት ቁጥር ቱታ

"አባባ፣ ይቺን ጫፍ ያዙልኝ እስቲ።"

ልብስ ሰፊዋ ሜትሩን ከአንገቷ ላይ አውርዳ የበረራ ቱታውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። የአሮጌ ዕቃ መደብሩ ባለቤት መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ጫፉን ያዙላት። ሰፈሩ ሻለቃ ይላቸዋል እንጂ ማዕረጋቸው ከአስር አለቃ አላለፈም፤ በጦርነቱ ጊዜ የአየር ኃይል ግምጃ ቤት ጠባቂ ነበሩ።

"ደግሞ ልትለኪው ነው? የአውሮፕላኑ ምልክት አለ፣ ደረቱ ላይም አራት ተጽፏል። የአባትሽ አውሮፕላን ነው፤ ሌላ ምን ቀረሽ?"

"ልማድ ሆኖብኝ ነው" አለች እየሳቀች።

አባቷ የቦምብ ጣይ አውሮፕላን መትረየስ ተኳሽ ነበር። ፍንጣሪ መትቶት አውሮፕላኑ ሬሳውን ይዞ ሲመለስ እሷ ገና በእናቷ ሆድ ውስጥ ነበረች። ለእናቷ የደረሳት "አራት ቁጥር ተሰውቷል" የሚል ደብዳቤ ብቻ ነው፤ አንዲት ካልሲ እንኳ አልመጣላትም። እሷ ታዲያ ራሷን ከቻለች ወዲህ የዚያን አውሮፕላን የአራት ቁጥር ዕቃ ከያለበት ስትለቅም ኖረች። መጀመሪያ ጓንቶቹን አገኘች፣ ቀጥላ ቆቡን፣ ካቻምና ደግሞ ቀበቶውን። ባሏ "አማቴ ሳይመጡ ቁም ሳጥኑን ያዙብኝ" እያለ ያሾፍባታል።

ትከሻውን ለካች፣ እጅጌውን ለካች። እግሩ ጋ ስትደርስ ፊቷ ተለወጠ። መልሳ ለካችው።

"አባባ፣ ይሄ የረጅም ሰው ልብስ ነው።"

"ቢሆንስ?"

"አባቴ አጭር ነበራ! በሠርጋቸው ፎቶ ላይ እናቴ ትከሻ ላይ ነው የሚደርሰው።"

ሻለቃ መነጽራቸውን አወረዱ። ነገሩ ገና አሁን የገባቸው ይመስላል።

"ልጄ፣ ቁጥሩ የሰውየው መስሎሽ ነው እንዴ እስከ ዛሬ?"

"የማን ሊሆን ነው ታዲያ?"

"የወንበሩ ነዋ! አራት ማለት የኋላው ተኳሽ ወንበር ነው። እዚያ የተቀመጠ ሁሉ አራት ነው። አንዱ ሲሞት ልብሱን አጥበን ለተተኪው እንሰጣለን። ምን እናድርግ፣ ዕቃ አልነበረንም። በዚሁ እጄ ነው ያደልኩት።"

ክው አለች። ለልጆቿ "አያታችሁ እጀ ትልቅ ነበር" እያለች ነው ያሳደገቻቸው። ሴት ልጇ ሕፃን ሳለች ጓንቱ ውስጥ እጇን ከትታ "አያቴን ጨበጥኩት" ትል ነበር። የማንን እጅ ነው ሲጨብጡ የኖሩት? ሃያ ዓመት ሙሉ አባት ብላ የሰበሰበችው ከስንት ሰው የተለቃቀመ ነው? እንባዋ መጣ፤ ሻለቃ እንዳያዩባት ጎንበስ ብላ የሱሪውን ጫፍ ገለበጠችው።

ከጫፉ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ የመርፌ ቀዳዳዎች ዙሪያውን ሄደዋል። ከቀዳዳዎቹ በታች ያለው ጨርቅ ፀሐይ ስላላየው ከሌላው ይልቅ ደመቅ ይላል።

"እዚህ ድረስ ታጥፎ ነበር" አለች። "በኋላ ነው የተፈታው። መጀመሪያ አጭር ሰው፣ ቀጥሎ ረጅም ሰው ለብሶታል። ያንን ወንበር የያዘ ሌላ አጭር ነበረ?"

ሻለቃ አሰብ አደረጉ። "አንድ ብቻ። 'ዘለግ' እያልን እንቀልድበት ነበር። ሲስቅ ከግምጃ ቤቱ ማዶ ይሰማል። አንቺ... የዘለግ ልጅ ነሽ?"

ጣቷን በቀዳዳዎቹ ላይ አንድ በአንድ አስኬደች። አባቷ ቁመቱ እስከዚህ ነበር፤ ከዚህ በታች ያለው የእሱ አልነበረም። በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥታ አለቀሰችለት።

"ረጅሙስ ምን ሆነ?" አለች እንባዋን ጠርጋ።

"እሱም ሁለት ወር አልቆየም። እንደ አባትሽ ሬሳው ነው የተመለሰው፤ ልብሱን አጥበን ግምጃ ቤት መለስነው።"

ሻለቃ ጋዜጣ አምጥተው ሊጠቀልሉላት ተዘጋጁ። "አይዞሽ፣ ቤትሽ ገብተሽ በድሮው መስመር ታጥፊዋለሽ። ለአንቺ ይሄ ምን ያቅትሻል?"

እውነት ነው፣ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፤ ክርና መርፌም ከቦርሳዋ አይጠፋም። እሷ ግን እግሩን እንደ ረዘመ ትታ ቱታውን ጋዜጣው ላይ አስቀመጠችው፣ ከጋዜጣው ጥግም ቁራጭ ቀድዳ ስልክ ቁጥሯን ጻፈች።

"ይቺን መስታወቱ ላይ ይለጥፉልኝ፣ አባባ። ረጅም አባት የሚፈልግ ሰው ከመጣ እኔ ጋ እንዳለ ይንገሩልኝ።"