ዐይኑን የጨፈነው ከበሮ መቺ

ሰው ሲሰደድ ሁሉን ጥሎ ቢወጣም ጠቡን ግን አይረሳም። የሶቭየት ወዳጅ ነን የሚሉ ካናዳውያን ስለ ኢትዮጵያ አብዮት የተሠራ የሞስኮ ፊልም ሊያሳዩ ነው ሲባል፣ በምንም የማይስማሙት የቶሮንቶ ኢትዮጵያውያን ለአንዴ ተስማሙ፤ ገብተን እንረብሻለን። አስተባባሪው ገረመው ነበር።

"ሙዚቃው ስታርት ሲያደርግ ሁላችሁም አጨብጭቡ፣ ጩኹ። አንድ ቃል እንዳይሰማ!" አለ።

ከሚሰሙት መሃል የነበረችው መኪያ ግን የደሴው ዘመኗ ትዝ አላት። ደሴ ሳለች፣ ገና በኮረዳነቷ፣ የቀበሌ ኪነት ቡድን ዘፋኝ ነበረች። ደመወዝ የለው፣ ምን የለው፤ ከትምህርት ቤት መልስ መዝፈን ነው። ታላቅ ወንድሟ ጀላል ከበሮ ይመታ ነበር። አንድ ቀን ሩሲያውያን ካሜራቸውን ተሸክመው መጡና የቀበሌው ካድሬ የጎጃም ጭፈራ ይታይ አለ። ጎጃሜ ከየት ይምጣ? የወሎ ሙስሊም ልጆችን ቁምጣና ጥብቆ አለበሳቸው፣ ለመኪያ ማተብ አሰረላት፣ በቃ ጎጃሜ ሆኑ። ጀላል ግን ከበሮ የሚመታው መንዙማ ላይ እንደለመደው ዐይኑን ጨፍኖ ነው። ካድሬው "ዐይንህን ግለጥ!" እያለ ቢጮህ አልሆነለትም። በኋላ ሰሜን ግንባር ተላከ፤ አልተመለሰም። መኪያ ስትሰደድ አንዲት ፎቶውን እንኳ አልያዘችም። ፊቱ ከልቧ እየደበዘዘ መሄዱ ያስጨንቃት ነበር።

ይህን ሁሉ የደበቀችው ከተሻለች ነው። ተሻለች ክሬሰንት ታውን ሰፈር ያለ ቤቷን ያካፈለቻት፣ ሆቴል ጽዳት ሥራ ያስገባቻት፣ ስትታመም አጥሚት ያጠጣቻት ሰው ናት። ግን አዲስ አበባ ባሏን የቀበሌ ጠባቂዎች ወስደው ባሰሩበት ግቢ ኪነቱ ይዘፍን ነበር። የሚገረፉት ሰዎች ጩኸት እንዳይሰማ ነው ይባላል። ባሏም ከዚያ ግቢ በሕይወት አልወጣም።

"የኪነት ልጆች ከገዳዮቹ በምን ይለያሉ?" ትል ነበር ተሻለች። መኪያ ወሬ ትቀይራለች። ፊልሙ በሚታይበት እሑድ ከሰዓትም እቀራለሁ ብላ ጥርጣሬ ከማስነሳት አብራት ሄደች። በልቧ ግን ሁለት ነገር እየተሟገተ ነበር፤ ደሴ የተቀረጹበት ያ ፊልም ባይሆን እያለች ትለምናለች፣ መልሳ ደግሞ በሆነ ትላለች።

የአዳራሹ መብራት ጠፋ። ትራክተር ታየ፣ ማንበብ የሚማሩ ሽማግሌዎች ታዩ፣ ከዚያ ከበሮ ተመታ። ረባሾቹ ማጨብጨብ ጀመሩ። ችግሩ ግን የኛ ሰው ከበሮ እየሰማ ከምት ውጭ ማጨብጨብ አይሆንለትም። መጀመሪያ ጫጫታ ነበር፤ ወዲያው እጁ ሁሉ ከከበሮው ጋር ገጠመ። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ሴት እልል ልትል ምንም አልቀራት። ፈረንጆቹ ደስ ብሏቸው እየዞሩ ፈገግ አሉላቸው።

ማተብ ያሰረችው ልጅ ስትዘፍን ታየች። ተሻለች አላወቀቻትም። ቀጥሎ ጀላል መጣ፣ ዐይኑን ጨፍኖ። ተራኪው በእንግሊዝኛ፣ ይህ የጎጃም ገበሬ ስለ ብሩህ ነገ ያልማል አለ።

ያን ጊዜ ገረመው ባነነ። "ወገን፣ አበድን እንዴ? ለደርግ እያጨበጨብን እኮ ነው!" ብሎ የፊልም ማሳያውን ገመድ ከግድግዳው ነቀለው።

"አታጥፉት! ወንድሜ ነው!"

መብራት ሲበራ መኪያ ቆማ ነበር።

"የማን ወንድም?" አለ ገረመው። "ይሄ የቀበሌ ኪነት ነው።"

"አዎ። የምትዘፍነዋም እኔ ነኝ።"

ተሻለች ቀና ብላ አየቻት። ኮቷን አነሳችና ወጣች።

መኪያ ልትከተላት ወደ በሩ ዞረች፣ ግን አመነታች። ብትወጣ ጀላልን ዳግመኛ ላታየው ነው። ብትቀር ደግሞ ከእህት የምትበልጥ ሰው ልታጣ ነው። ቀረች። ፊልሙን የሚያሳየው ሽማግሌ ገመዱን መልሶ ሰካና ጥቅልሉን ወደ ኋላ መልሶ እንደገና አስጀመረው። በዚህኛው ጊዜ ማንም አላጨበጨበም። ጀላል መጨረሻ ላይ ዐይኑን ገልጦ፣ ፊልሙ ላይ ስትዘፍን ምት ወደሳተችው ወደ እሷ ዞሮ ሳቀ። ፍንጭት ጥርሱን ረስታው ኖሯል። መኪያ ሰው መሃል እንዳለች ሳታስብ ጮኻ አለቀሰች።

ስትወጣ ተሻለች ደጁ ላይ በረዶ እየወረደባት ቆማለች።

"እትዬ ተሻለች፣ ስለ ፈጣሪ ብለው…"

"አየሽው?"

"አየሁት።"

"አንቺስ አየሽው። የኔን፣ ከበሮው ሲመታ ከግድግዳው ወዲያ የነበረውን፣ ማን ቀረጸልኝ?"

ሰብዌይ ድረስ አብረው ሄዱ። ባቡሩ ባዶ ነበር፤ ተሻለች ሌላ ወንበር ላይ ተቀመጠች።