በኮት ኪስ ውስጥ የተገኘችው ሴትዮ

ሰፈሩ ሁሉ ካውያ ነው የሚላት። የልብስ እጥበትና ተኩስ ቤት ስላላት ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ የነካችውን ሁሉ ለጥ ስለምታደርግ ነው። በእሷ ቤት አንድ ሕግ አለ፤ ኪሱ ያልተበረበረ ልብስ ውሃ አይነካም። ሱሪም ይሁን ካፖርት፣ የዳኛ ካባም ቢሆን፣ መጀመሪያ እጇን እስከ ኪሱ ጥግ ትሰዳለች። ስንቱን አግኝታለች! የታኘከ ማስቲካ፣ የአውቶቡስ ቲኬት፣ ለሚስት ያልተገዛ የጆሮ ጌጥ፣ አንዴ ደግሞ ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ። ጥርሱን ለባለቤቱ ስትመልስ፣ «ጋሼ፣ በሚቀጥለው ምላስዎንም እዚሁ ይተዉልኝ፤ ሚስትዎ ትንሽ ትረፍ» አለችው። ሰውዬው ከዚያ ወዲህ ልብሱን ራሱ ያጥባል አሉ።

እንግዲህ ይህች ሴት ባሏን ከቀበረች ከስንት ጊዜ በኋላ፣ ልጆቿን ድራ ጨርሳ፣ ፀጉሯ እንደ ሳሙና አረፋ ነጭ ከሆነ ወዲህ፣ ልቧ ሰዓት ሠሪው ላይ ወድቆ ቁጭ አለ። ምን ይደረግ? ልብ እንደ ልብስ አይተኮስ።

ሰዓት ሠሪው ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ አንድ ግራጫ ኮት ያለው ሰው ነው። ሱቁ ከእሷ ማዶ፣ ደረጃ ሥር ነው። ኮቱን በየሳምንቱ ያመጣል፤ ቢቆሽሽም ባይቆሽሽም። «ይሄ ኮት ከእርስዎ የበለጠ ውሃ ጠጥቷል» ትለዋለች። እሱ ይስቃል፤ ድምፅ የሌለው፣ ትከሻ ብቻ የሚያንቀጠቅጥ ሳቅ። ሰኞ ዕለት ታዲያ ኮቱን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠና፣ «ቀሪ ዕድሜዬን ከእርስዎ ጋር ብገፋው ደስ ይለኛል» አላት። እንዲሁ፣ ያለ መግቢያ። ካውያ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አፏ ተያዘ። «እሁድ ቤት ይምጡና እነግርዎታለሁ» ብላ ሸኘችው። መልሱን ግን ሰውዬው ገና ደጃፉን ሳይሻገር ታውቀው ነበር።

ኮቱን ወዲያው አላጠበችውም። እስከ ሐሙስ ከወንበሯ ጀርባ ተሰቅሎ ሰነበተ። ለምን እንደሆነ ለሰው አይነገርም።

ሐሙስ ዕለት ግን ሥራ ሥራ ነውና ኪሱን በረበረች። ከውጭው ኪስ መሀረብ ወጣ። ከውስጠኛው ኪስ ደግሞ ግማሹ ያለቀ የክኒን እሽግ፣ ከክኒኑ ሥር ፎቶዎች። የእሷ ፎቶዎች! በአንዱ ላይ አፏን ከፍታ ደንበኛ ትሰድባለች። በአንዱ ጀርባዋን ሰጥታ አንሶላ ታሰጣለች። ሌላው በመስኮት መስታወት በኩል የተነሳ ነው፤ ብቻዋን ሻይ ትጠጣለች። ማንሳቱን አልነገራት፣ አላስፈቀዳት። ቆሌዋ ተገፈፈ።

ይባስ ብሎ በዚያች ቅጽበት ታናሽ እህቷ ገባች። ታናሽየዋን ሲኒማ ይሏታል፤ አብረው ነው የሚኖሩት። ጡረታ ከወጣች ወዲህ ከቴሌቪዥን ፊት አትነሳም፤ የምትወደውም አንድ ዓይነት ፊልም ብቻ ነው። ዋናው ሰውዬ አእምሮው የታመመ፣ ትሁት መስሎ የሚያርድ፣ በመጨረሻ ገዳዩ ራሱ ሆኖ የሚገኝ። ካውያ ከጎኗ ተቀምጣ ገና የመጀመሪያው ሰው ሳይሞት እንቅልፍ ይጥላታል።

ሲኒማ ፎቶዎቹን አየች፣ ክኒኑን አየች፣ ደረቷን ያዘች።

«እትዬ! አለቀልሽ!»

«ምኑ ነው የሚያልቀው?»

«ባለፈው ያየነው ፊልም ላይ ያለው ሰውዬ እኮ ነው! አንቺ ተኝተሽ ነበር እንጂ! ፎቶ ያነሳል፣ ክኒን ይውጣል፣ ግራጫ ኮት ይለብሳል፣ ከዚያ ሴትየዋን...»

«ግራጫ ኮት የለበሰ ሁሉ ካረደማ የከተማው ባንክ ቤት ሁሉ ቄራ ሆነ በይኛ።»

«ትሁት ነው አይደል? ድምፁን ከፍ አድርጎ ያውቃል? አያውቅም! ትሁቶቹ ናቸው የሚብሱት!»

«አንቺ ትሁት ስላልሆንሽ ተመስገን ነው።»

እንዲህ ትበል እንጂ ካውያ ፎቶዎቹን ደግማ አገላበጠቻቸው። ሞኝ አይደለችም። ያላስፈቀደ ፎቶ ያላስፈቀደ ፎቶ ነው። ከሁሉ በላይ ያበገናት ግን ፍርሃቱ አልነበረም፤ እሁድን መፈለጓ ነው። እሁድ ቢቀርስ? እንደገና ማታ ማታ በእህቷ ፊልም ፊት ማንቀላፋት ብቻ ሊቀራት? ደሟ ፈላ። ኮቱን ክንዷ ላይ ጣለች፣ ፎቶዎቹን ጨበጠች፣ መንገዱን ተሻገረች። ሲኒማ ከበሩ ሆና፣ «በስልክ ንገሪው! በስልክ!» ትጮሃለች።

ከሰዓት ሠሪው ደጃፍ ጫማ ሠሪው ተቀምጧል። መዶሻውን አቁሞ ቀና አለ።

«ካውያ፣ ኮቱን ሳታጥቢ መለስሽው? ዓለም ተገለባበጠች ማለት ነው።»

«ዝም ብለህ ጫማህን ቀጥቅጥ።»

«እኔስ እቀጠቅጣለሁ። ሰውዬውን ግን ምን አስነካሽው? በዚህ ባለፍሽ ቁጥር ወደ ጆሮዬ ጠጋ ይልና ‹ያቺ ሴት ላንተም ትታይሃለች?› ይለኛል። እንዴት አትታየኝ? ስትጮህ መቼም ለሞተም ትታያለሽ።»

ይኼኛውን ስትሰማ ልቧ ይብስ ደነገጠ። ቢሆንም ገባች። ሱቁ ጠባብ ነው፤ ግድግዳው ሁሉ ሰዓት፣ ሁሉም ቀጭ ቀጭ ይላል። ሰዓት ሠሪው ማጉያ መነጽሩን አንድ ዓይኑ ላይ እንደሰካ ተነሳ። ካውያ በሩን አልዘጋችም፤ እጀታውንም አልለቀቀችም። ፎቶዎቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈቻቸው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

ሰውዬው ፎቶዎቹን አየ፣ እሷን አየ፣ በሩን የያዘ እጇንም አየ። ማጉያውን አወለቀ። ፊቱ እንደ በሰለ ቲማቲም ቀላ።

«እርስዎ ነዎት» አለ።

«መሆኔንማ አውቄያለሁ! ለምን አነሱኝ?»

«መኖርዎን ለማረጋገጥ።»

ካውያ አፏን ከፈተች፤ ምንም አልወጣም። በአንድ ሳምንት ሁለት ጊዜ፤ ጉድ ነው።

ሰዓት ሠሪው ቁጭ አለና እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ነገራት። ከብዙ ዓመት በፊት አእምሮው ታሞ ነበር። አንድ ወዳጅ ነበረው፤ ጠዋት ጠዋት ይመጣል፣ ይቀልዳል፣ የተሰበረ የኪስ ሰዓት ያመጣል። ሰዓት ሠሪው ሰዓቱን አንድ ክረምት ሙሉ ሲጠግን ከረመ። በኋላ ወንድሙ መጥቶ ሲያየው ወዳጅም የለም፣ ሰዓትም የለም፤ ባዶ ጠረጴዛ ላይ መፍቻ ይዞ ጎንበስ ብሏል። ሆስፒታል ተኛ። ሐኪሞቹ ለበሽታው ረጅም ስም፣ ለእሱ ደግሞ ክኒን ሰጡት። ዳነ። ማለት፣ ክኒኑን እየዋጠ ደህና ነው።

«ከዚያ ወዲህ ክፉ ነገር ሲገጥመኝ አልጠራጠርም» አላት። «መልካም ነገር ሲመጣ ግን እጠይቃለሁ። ካሜራ የሌለ ሰው አያነሳም። ፎቶውን ደግሞ ለጫማ ሠሪው አሳየዋለሁ፤ የእኔ ዓይን ብቻ እንዳይሆን። እርስዎን ሳላስፈቅድ ማንሳቴ ግን ጥፋት ነው። ማስፈቀድ ማለት መናገር ሆነብኝ፣ መናገሩን ደግሞ ፈራሁ። ሰው በሽታዬን የሚያውቀው በፊልም ነዋ። ነገሬ ሲሰማ መጀመሪያ የሚያየው እጄን ነው፤ ቢላ ይዤ እንደሆነ።»

ካውያ በዚያች ሰዓት እጁን እያየች ነበር። ያለው ትንሽ ወረንጦ ነው። አፈረች፤ ማፈሯም አናደዳት።

«ሰው ጎድተው ያውቃሉ?»

«አንድም ሰው። ራሴን ጎድቻለሁ፤ መብላት ትቼ።»

«ክኒኑን ቢረሱስ?»

«ሌላ እሽግ ቤት አለኝ፤ የእጅ ሰዓቴም ይጮህብኛል። ሰዓት ሠሪ አይደለሁ?»

«ጫማ ሠሪው ፎቶዬን ሲያይ ምን አለ?»

ሰውዬው አመነታ። «‹አይዞህ፣ በእውን አለች፤ እንዲህ ያለችውን ጤነኛም ሆነ በሽተኛ ከሐሳቡ አይፈጥራትም› አለኝ።»

ካውያ ሳቋ አፈተለከ። የበሩን እጀታ ለቀቀች፣ ጠጋ አለችና ክንዱን ጨምድዳ ቆነጠጠችው።

«አመመዎት?»

«በጣም!»

«እንግዲያው አለሁ። እሁድ እንዳይቀሩ። ሁለተኛ ሊያነሱኝ ሲሉ ደግሞ ይንገሩኝ፤ ቢያንስ አፌን ልግጠም።»

ሲኒማ ነገሩን ስትሰማ ሦስት ጊዜ አማተበች። «እብድ ነኝ ብሎ አምኖ ነው የምትጋብዢው?»

«ታምሜ ነበር አለኝ። አንቺ ደም ግፊት የለብሽም? ክኒን አትውጪም? ፊልም ሠሩብሽ?»

ሲኒማ ሌላ መላ መታች። እሁድ ከሰዓት በኋላ ሰዓት ሠሪው ሲመጣ በቤቱ አንድም ቢላ፣ አንድም መቀስ አልነበረም። ዳቦው በእጅ ተቆረሰ። «እንዲህ ነው የሚጣፍጠው» አለች ሲኒማ፣ ዓይኗን ከእንግዳው ሳትነቅል። እንግዳውን ትራስ ያለው ወንበር ላይ አስቀመጡት። እሷም እንደ ፖሊስ እያየችው ፊልም ከፈተች። የመረጠችው ያንኑ ዓይነት ነው፤ ልትመረምረው።

በፊልሙ ላይ በሽተኛው ሰውዬ በዝናብ ይሮጣል፣ በር ሰብሮ ይገባል፣ ግድግዳውን በሙሉ በካርታና በክር ይሞላል። ሰዓት ሠሪው አንገቱን አስግጎ ያያል። አልፎ አልፎ ወንበሩ ላይ ይቁነጠነጣል። ሲኒማ እህቷን በክርኗ ጎሸመቻት፤ አየሽ፣ ተነሳበት፣ ማለቷ ነው።

«ይቅርታ፣ ይሄ ሰውዬ በጣም ታሟል አይደል?» አለ ሰዓት ሠሪው።

«በጣም!»

«ታዲያ ጉልበቱን ከየት አመጣው? እኔ የታመምኩ ጊዜ ካልሲዬን ፈልጌ ማግኘት አቅቶኝ ነበር። እሱ ግን ካርታ ይሠራል፣ መኪና ይጠግናል፣ ፀጉሩም ተበጥሯል። እኔ አንድ ካልሲ ይዤ አልጋዬ ላይ ውዬ አድር ነበር።»

ካውያ በሳቅ ፈነዳች። ሲኒማ ግን ቱግ አለች። «የካልሲ ፍለጋ ፊልም ማን ያያል?»

«ማንም። ለዚህ ነው የማይሠሩት።»

በሽተኛው ሰውዬ ቢላውን ከፍ አደረገ። ሙዚቃው ጮኸ። ሲኒማ ትንፋሿን ዋጠች። ልክ በዚያች ቅጽበት ከሰዓት ሠሪው እጅ ቲቲቲት! የሚል ድምፅ ተነሳ። ሲኒማ፣ «ዋይ! ጀመረው!» ብላ ዘላ እህቷ ጭን ላይ ተከመረች። ሰዓት ሠሪው ደንግጦ ሰዓቱን አፈነና ከኪሱ ክኒን አወጣ።

«ይቅርታ... ትንሽ ውሃ ባገኝ?»

ሲኒማ ከእህቷ ጭን ላይ ወረደች። ብርጭቆ ፈለገች፣ ውሃ ቀዳች፣ አመጣችለት። ሲውጥ ቆማ አየችው። ያ ሁሉ የፈራችው ነገር ይኸው ነው፤ አንድ ክኒን፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» የሚል ሽማግሌ። ቅር ያላት መሰለች። ሄዳ ፊልሙን አጠፋችው።

«መጨረሻውን አላይም?» አለ ሰዓት ሠሪው።

«ገዳዩ ራሱ ነው» አለች ሲኒማ። «ሁሌም ራሱ ነው።»

እንግዳው የመጣበት ጉዳይ ገና አልተነሳም፤ ሦስቱም ያውቁታል። ካውያ ቀሚሷን በእጇ ለጥ ለጥ አደረገች፤ ያልተጨማደደውን።

«እንግዲህ እሁድ እነግርዎታለሁ ብያለሁና መልሱን ልስጥ። እሺ ነው» አለች። «እሺ ብያለሁ።»

ሰዓት ሠሪው አልሳቀም፣ አልተነሳም። ከዚያ ፊቱን ወደ ሲኒማ አዞረ፤ ዓይኑ ልመና ሞልቶታል።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ... ያለችውን እርስዎም ሰሙ?»

ሲኒማ ገባት። ይህን ሰው «የለም፣ ምንም አላለችም» ብትለው አምኗት፣ ኮቱን ለብሶ፣ አመስግኖ ይሄዳል። ነገሩ ሁሉ እሷ አፍ ላይ ነው። እህቷን አየች። ያቺ ዳኛም የማያስደነግጣት ካውያ አገጯ ይንቀጠቀጣል፤ ቀሚሷን ጨብጣ ይዛለች።

«ሰምቻለሁ!» አለች ሲኒማ ጮክ ብላ። «በሁለቱም ጆሮዬ! እሺ ብላለች፤ ያውም ሳትለመን! አንድ ጊዜ ደጅ እንኳ ሳታስጠናዎት! እኔ ነኝ ምስክሩ፤ ከፈለጉ ነገም ይጠይቁኝ!»

ያን ጊዜ የሰዓት ሠሪው ትከሻ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ያ ድምፅ የሌለው ሳቅ። ዓይኑም እርጥብ ነበር።

«እንግዲህ የጋገርኩትን ኬክ እንቁረጥ፤ ኬክ ግን በእጅ አይቆረስም» አለች ካውያ። «አንቺ፣ ቢላዎቹን የት ወሸቅሻቸው?»

ሲኒማ አፏን በእጇ ያዘች። «እሱ... የተቀመጠበት ትራስ ሥር።»

ሰዓት ሠሪው ቀስ ብሎ ተነሳ። ትራሱ ሲገለጥ ቢላዎቹና መቀሶቹ በፎጣ ተጠቅልለው ተጋድመዋል።

«እኔማ የሆነ ነገር ሲቆረቁረኝ ነው ያመሸው» አለ፤ «የሰው ቤት ነውና ለመናገር አፈርኩ።»

ካውያ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እሱም ስልኩን አወጣና፣ «ላንሳሽ?» አላት። በአንቺ ሲጠራት የመጀመሪያው ነበር።

«አንሳኝ። አፌም ይከፈት፣ ግዴለም።»

«እኔስ?» አለች ሲኒማ ፎጣውን እንዳቀፈች በመሀላቸው እየገባች። «እኔም አለሁ እኮ!»