መሪ የሌለው ቁልቁለት

ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ እኔና ታላቅ እህቴ ከውሃ መዝናኛው በር ደረስን። ሰዓቱን የማስታውሰው እሷ ጮክ ብላ ስላነበበችው ነው። ዕድሜዋን የከተማ አውቶቡስ ስትነዳ የኖረች ሴት ስለሆነች፣ የትም ስትደርስ መጀመሪያ ሰዓት ታያለች።

"ሃያ ደቂቃ ዘግይተናል" አለች። ማንም አልቀጠረንም ነበር።

እህቴ ለሐሙስ የቀዶ ጥገና ቀጠሮ ነበራት። ልቧ ነው። ሐኪሙ ደረጃ መውጣት፣ መሮጥና መደንገጥ ከልክሏታል። እሷ ደግሞ ከሐሙስ በፊት የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከከተማው ዳር ያለውን፣ በየቀኑ ከመሪዋ ጀርባ ሆና ስታየው የኖረችውን ረጅሙን የውሃ ሸርተቴ መውረድ።

"ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ጭኜ ቁልቁለት ወረድኩ" አለችን፣ ለእኔና ለልጇ። "አንድ ቀን እንኳ መሪ ሳልይዝ፣ ፍሬን ሳልረግጥ ልውረድ እንጂ!"

ልጇ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው። የሰማችውን ሰምታ እኔን ወደ ጓዳ ጎተተችኝ።

"ጋሼ፣ እኔ ቅዳሜ ሥራ ነኝ። አንተ ውሰዳት። አየር ታግኝ፣ እግሯን ውሃ ትንከር። እዚያ ነገር ላይ ከወጣች ግን ከአንተ ራስ አልወርድም።"

"እሷን ማን ይመልሳታል? እኔ?"

"ዘዴኛ ሁን እንጂ!"

ዘዴኛ። እኔ መጋረጃ ሰፊ ነኝ። መጋረጃ ለመስቀል ወንበር ላይ ስወጣ፣ ባለቤቶቹ መጥተው ወንበሩን ግራና ቀኝ እንዲይዙልኝ የምለምን ሰው ነኝ። እህቴ ከልጅነቴ ጀምሮ "ጀግናው" ነው የምትለኝ። ለምን እንደሆነ የሚጠይቃት የለም።

ዘዴዬ የግል ጥላ መከራየት ነበር። ለማያውቅ ልንገር። ሰው ሁሉ ፀሐይ ላይ ወንበር ሲሻማ፣ ጥላ የተከራየ ሰው ጣሪያ ያላት፣ ዙሪያዋ መጋረጃ የሆነች ትንሽ ቤት ይሰጠዋል። ውስጧ ሁለት መጋደሚያ፣ ማራገቢያ፣ ትንሽ ፍሪጅ፣ ቁልፍ ያለው ሳጥንና አስተናጋጅ የሚጠራ ደወል አለ። አስተናጋጆቹ እንዲለዩት ደግሞ ቢጫ ኮፍያ ያጠልቁለታል። እንዲህ ያለ ምቾት ያገኘ ሰው ምን ቆርጦት ደረጃ ይወጣል ብዬ አሰብኩ።

እህቴ ኮፍያዋን አድርጋ ቤቲቱን ዞር ዞር ብላ አየቻትና ሳቀች።

"ጥላውን የሚፈራ ሰው ጥላ ተከራየ!"

"ለአንቺ ብዬ ነው እትዬ።"

"ለእኔ መሆኑንማ አውቃለሁ። ያቺ ልጄ ጓዳ አስገብታ ስትመክርህ ጆሮዬ በር ላይ ነበር።"

መጋረጃ መዝጋት ጀመርኩ፤ በሸርተቴው በኩል ያለውን። ዕድሜ ልኬን መጋረጃ ስሰፋ ፎቅ የሚያህል ነገር በመጋረጃ ለመሸፈን የሞከርኩት ያን ቀን ብቻ ነው። መጋረጃውም መጋረጃ አልነበረም። ክሩ የላላ፣ ጠርዙ የተጣመመ፣ አንደኛው ጫፍ ከሌላኛው በአራት ጣት ያጠረ። ባጠረው በኩል ሸርተቴው ከነደረጃው ቁልጭ ብሎ ይታያል።

"ይሄን የሰፋ ሰው ሌሊት እንቅልፍ ይወስደዋል?" አልኩ፣ ተንበርክኬ ጠርዙን በጣቴ እየለካሁ።

"ጀግናው፣ የመጣነው ልንዝናና ነው ወይስ ልትጠግን?"

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለእህቴ ልጅ እስከ ዛሬ በቅጡ አልነገርኳትም። ቀዝቃዛ ጭማቂ አዘዝኩ። ጠጣሁ። ምቾቱ እህቴን ይዞ ያስቀርልኛል እንዳላልኩ፣ ማራገቢያው ሥር ትንሽ ጋደም አልኩ። ዘበኛው ተኛ።

ስነቃ መጋደሚያዋ ባዶ ነው። ፎጣዋ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ባጠረው ጫፍ በኩል ብመለከት፣ ከሸርተቴው ደረጃ እኩሌታ ላይ ሞላ ያለች፣ ቢጫ ኮፍያ ያደረገች ሴት የብረቱን መደገፊያ ይዛ ቀስ እያለች ትወጣለች።

በባዶ እግሬ ተነሥቼ ሮጥኩ። ሲሚንቶው ፍም ሆኗል። ከደረጃው ሥር ያለው ሰልፍ አያልቅም።

"ኧረ ሰውዬ፣ ተሰለፍ!"

"እኛስ እዚህ የቆምነው አምሮብን ነው?"

"እህቴ ናት!" ብዬ ጮህኩ። "ላይ ያለችው! ልቧን ታማለች! እንዳትወርድ!"

ይህን ባልል ይሻለኝ ነበር። ሰልፉ በአንድ ጊዜ ለሁለት ተከፈለ። "አሳልፉት! እህቱ ናት!" ወሬው እኔን ቀድሞ ደረጃውን ወጣ። አንዱ ጎረምሳ በብብቴ ገብቶ ደገፈኝ። አንዲት እናት የልጇን ውሃ ተቀብላ በእጄ አስያዘችኝ። ከላይ ደግሞ "ሴትዮዋን ያዟት! ወንድሟ እየመጣ ነው!" የሚል ድምፅ ይሰማል። እኔ አንዴም ወደ ታች አላየሁም። ከጥድፊያ ብዛት ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር።

ጫፍ ላይ ስደርስ ሁለት ሰዎች ባለቢጫ ኮፍያዋን ግራና ቀኝ ክንዷን ይዘዋታል። ዞር አለች። አላውቃትም።

"ወንድምሽ መጣ" አላት አንደኛው።

"ምን ወንድም አለኝና?" አለች ሴትዮዋ።

ለካ በዚያ ግቢ ጥላ የተከራየው ሰው ሁሉ ቢጫ ኮፍያ አድርጓል። ይህን ገና በር ላይ ነግረውኛል፤ እኔም ቀደም ብዬ ለእናንተ ነግሬያችኋለሁ።

ደረጃው ላይ ያለው ሰው አንገቱን አንጋጦ ያየኛል። ጎረምሳው፣ ውሃ የሰጠችኝ እናት፣ ውሃውን የተቀማው ልጅ። በእነዚህ ሁሉ ሰዎች ፊት፣ በየደረጃው "ይቅርታ፣ ሌላ ሰው ናት" እያልኩ መውረድ ነበረብኝ።

"መውረጃው በየት በኩል ነው?" አልኩት ፊሽካ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለውን ሠራተኛ።

"ወይ በመጡበት ነው ጋሼ፣ ወይ በዚህ ነው።"

ሰው ፍርሃቱን የሚያሸንፈው በወኔ ነው ይላሉ። እኔን ያወረደኝ ይሉኝታ ነው።

"ጀርባዎን ይለጥፉ" አለኝ ሠራተኛው። "እጅዎን ደረትዎ ላይ ያጣጥፉ። ቁርጭምጭሚትዎን ያጠላልፉ፤ እስኪቆሙ ድረስ እንዳይፈቱ።"

"ብፈታውስ?"

"ውሃው ራሱ ያስረዳዎታል።"

አስረዳኝ።

ረጅም ሸርተቴ ምን ይመስላል ለሚለኝ፣ የማውቀው ይህን ብቻ ነው። ሰውየው ይሄዳል፤ ሆዱ ግን ከላይ ይቀራል። ይህን የሚያህል ጩኸት የማን ይሆን ብዬ ስገረም፣ አፌ ተከፍቶ አገኘሁት። ታች ያለው ውሃ ሲቀበለኝ፣ ቁምጣዬ ከእኔ ትንሽ ዘግይቶ ደረሰ።

ቁምጣዬን በሁለት እጄ ይዤ ቀና ስል፣ እህቴ ኩሬው ዳር ቆማለች። በሁለቱም እጆቿ አይስክሬም ይዛለች።

"እትዬ! የት ነበርሽ?"

"አይስክሬም ልገዛ። አንተስ የት ነበርክ?"

ስነግራት ሳቋ አፈናት። ኮፍያዋን አወለቀችና ፊቷን አራገበችበት፤ እንደገና ሳቀች፤ በመጨረሻ ኩሬው ዳር ተቀመጠች።

"አትሳቂ፣ ልብሽ!"

"ሐኪሙ ሳቅ አልከለከለኝም።"

ጥላችን ውስጥ ገብተን ስንቀመጥ ግን ሳቋን ተወችው።

"በል ንገረኝ። ምን አየህ?"

"ምንም። ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።"

አይስክሬሟን ከአፏ መለሰችው። "ወርጄዋለሁ ትለኛለህ! ዓይኑን ጨፍኖ የሚወርድ ምን ዓይነት ሰው ነው? እኔ እኮ ልወጣ አልችልም። ሳየው ኖሬ፣ እንዴት እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው እንኳ ልጣ?"

ይህን ስትል አላሾፈችም። እህቴ ሳታሾፍ ስታናግረኝ ብዙ አላስታውስም።

አይስክሬሜን አስያዝኳትና ተመልሼ ሄድኩ። በወግ ተሰለፍኩ። ጎረምሳው ገና እዚያው ነበር።

"ጋሼ፣ እህትዎ ተገኙ?"

"ተገኘች።"

"ታዲያ አሁን ማንን ፍለጋ ነው?"

ደረጃው ሁሉ ሳቀብኝ። የብረቱን መደገፊያ ይዤ ወጣሁ፤ ሠራተኛው ሳይነግረኝ ቁርጭምጭሚቴን አጠላለፍኩ፤ ዓይኔን በረገድኩት።

ስመለስ አይስክሬሜ ቀልጦ እንጨቱ ነበር የቀረኝ። እህቴ ወንበሯን ወደ እኔ አዙራ ትጠብቀኛለች።

"ከላይ የአንቺን መስመር አየሁት" አልኳት። "ነዳጅ ማደያው ጋ አንድ አውቶቡስ ሲታጠፍ የክብሪት ቀፎ ያህላል።"

"ሰፋ አድርጎ ነው የታጠፈው ወይስ አጥብቦ?"

"አጥብቦ።"

"አዲሱ ልጅ ነው። ስንቴ ነገርኩት! እሺ፣ ሲለቁህስ?"

"መጀመሪያ እጅሽ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል። ምንም የለም። መሃሉ ላይ ስትደርሺ መፈለጉን ይተወዋል።"

"ያማል?"

"አያምም። እግርሽን ካልፈታሽ።"

ባጠረው ጫፍ በኩል አሻግራ ሸርተቴውን ታየዋለች።

"ሐሙስም እንዲሁ አጋድመው ነው የሚልኩኝ" አለች።

እኔ እንጨቱን ላስኩ።

ከሰዓት በኋላ፣ ግቢውን በዝግታ ወደሚዞረው፣ ጉልበት ወደማያልፈው የውሃ ቦይ ወሰድኳት። ይህን ሐኪሙም አልከለከለም። ተንሳፋፊ ጎማ ላይ አስቀመጥኳትና የጎማውን ገመድ ይዤ ጎን ጎኗ በእግሬ ሄድኩ።

"ልቀቀው" አለችኝ።

"እትዬ፣ ብትገለበጪስ?"

"ጉልበትህ ድረስ በሆነ ውሃ? ልቀቅ ነው የምልህ! ከመሪ ወጥቼ ገመድ ውስጥ አልገባም።"

ለቀቅኩት። ውሃው ቀስ አድርጎ ወሰዳት። እጆቿ መጀመሪያ ጎማውን ግራና ቀኝ ይዘው ነበር፤ መታጠፊያው ላይ ስትደርስ አነሣቻቸው። ከዚያ አላየኋትም። ቦይ መሃል ገመዱን እንደያዝኩ መስዬ በባዶ እጄ ቆሜ ቀረሁ፤ የሰው ጎማ ሁሉ እየመጣ ይገጨኛል። "አባት፣ መንገድ ይልቀቁ እንጂ!" ይሉኛል። እኔ በቢጫ ኮፍያ መለየቱ ስላልሆነልኝ የእያንዳንዱን ሰው ፊት እያየሁ እጠብቃለሁ።

በሌላው በኩል ዞራ መጣች። እጆቿ ሆዷ ላይ ተደራርበዋል።

"ጀግናው! አንድም ፌርማታ የለውም!" ብላኝ በአጠገቤ አለፈች።

ሳትቆም ደግማ ዞረች።

ሐሙስ ጠዋት ልጇ እስከ ቀዶ ጥገናው ክፍል በር ሸኘቻት። እህቴ ተሽከርካሪ አልጋው ላይ ተጋድማ፣ እጆቿን ደረቷ ላይ አጣጥፋ፣ እግሮቿን ቁርጭምጭሚቷ ላይ አጠላልፋለች። ነርሷ "እማማ፣ እግርዎን ይፍቱት፣ ዘና ይበሉ" አለቻት።

"እስክቆም አልፈታም" አለች እህቴ።

ልጇ ይህን ስትነግረኝ ግራ ገብቷት ነበር፤ መድኃኒቱ ነው ያናገራት ብላ አስባለች። አስረዳኋት። ያኔ ግን እህቴን ቀብረን ተመልሰናል።

በዓመቱ ከእህቴ ልጅ ጋር ወደዚያው ሄድን። ሁለታችንም ወረድን። ያን ጥላ ሌሎች ሰዎች ቀድመው ይዘውት ስለነበር ፀሐይ ላይ ተቀመጥን።