ጌጥ ለማይለብሱ ቃላት የተሠራች ከተማ

የእኅቴ የትርንጎ ሙት ዓመት ነገ ሊሆን፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከኮምፒውተሬ ፊት ተቀምጬ ተከዝሁ። እናቴ፣ «ዘመድ ሲሰበሰብ የመጨረሻ መልእክቷን ታነብልናለህ» ብላኛለች። ትርንጎ ከሆስፒታል አልጋዋ የላከችውን ያን ኢሜይል በመጣ ዕለት ለእናቴ አንብቤላት ነበር፤ ኀዘኑ ግን ቃሉን ከሁለታችንም ልብ ጠርጎ ወሰደው። ትርንጎ ጌጥ ወዳድ ነበረችና የጻፈችው በኢንተርኔት የሰላምታ ካርድ የሚሠራ አንድ ድርጅት ባሰናዳው ሥዕል ላይ ነው። ሥዕሉ ከኢሜይሉ ጋር አልመጣም፤ ቃሏን እንደያዘ በድርጅቱ ቤት፣ በእነሱ ኮምፒውተር ላይ፣ ተቀምጦ በሩቅ ይታይ ነበር። ድርጅቱ ተዘጋ። አሁን ስከፍተው ባዶ አራት ማዕዘን ብቻ ነው። እናቴን ምን ልበላት እያልሁ ክንዴን እንደተንተራስሁ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ጥቁር የለበሱ አሮጊት እጄን ይዘው ወደ አንድ ሸለቆ አወረዱኝ። ዳርና ዳሩን ክፈፋቸው በወርቅ የተለበጠ፣ ውስጣቸው ግን ባዶ የሆነ መስኮቶች ቆመዋል፤ በየመስኮቱም ሥር ሰዎች አንጋጠዋል።

«ምስሉን ክፈት በለው እንጂ!» ይላል አንዱ።

«ብያለሁ እኮ! ባለቤቱ ዘግቶ ሄዷል፤ ማንን ልበል?»

«እማማ፣ እነዚህ እነማን ናቸው?» አልሁ።

«የሚወዱት ሰው ቃሉን ለጌጥ ሻጭ አደራ የሰጠባቸው ናቸው፣ ልጄ።»

ከሸለቆው ማዶ አንዲት ጸጥ ያለች ከተማ ነበረች። አንዲት ሴት ጥቁር ገጽ ላይ ነጭ ፊደል ብቻ በሚያሳይ ኮምፒውተር፣ የፊደል ቁልፎቹን ብቻ እየመታች፣ የሟች ባሏን መልእክት ታነባለች።

«ይኼማ ራቁቱን ነው!» አልኋት።

ሳቀች። «እናትህ ስትጠራህ ከበሮ ታስመታለች እንዴ?»

አሮጊቷ የከተማዋን ሥርዐት ነገሩኝ፤ መልእክት በላኪና በተቀባይ ቤት ይቀመጣል እንጂ በሦስተኛ ሰው ቤት አያድርም። ማስጌጥ የፈለገ ያስጌጣል፤ አስቀድሞ ግን ቃሉን በተራ ጽሑፍ ከጌጡ ሥር ያኖራል። ኀዘንተኛ ጌጡን እንደሚያወልቅ፣ የኀዘን መልእክትም እንዲሁ በፊደል ብቻ ይላካል።

«የእኅቴስ ቃል ከጌጡ ሥር ይኖር ይሆን?»

«ላኪው ካኖረው አለ። ካላኖረው እኔም አላመጣልህም» አሉና ዐይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

ነቃሁ፤ ነግቷል። የኢሜይሉን ጥሬ ጽሑፍ፣ ከሥዕሉ ሥር የሚኖረውን፣ ከፈትሁ። አንዲት መስመር ብቻ ነበረች፦ «ይህን ካርድ ለማየት ምስሎችን ይፍቀዱ።» የድርጅቱ ቃል ናት፤ የትርንጎ አይደለችም።

ለእናቴ እውነቱን ነገርኋት።

«ከቶ አይመጣም?»

«አይመጣም፣ እማዬ።»

«እንግዲያው ለመጣው ሰው ሁሉ ንገር» አለችኝ። «ሌላ እናት ደግሞ እንደኔ የልጇን ቃል አጥታ እንዳትቀር።»

ከጸሎቱ በኋላ ዘመድ ጆሮውን ሲያቀና ተነሣሁ፤ ባዶ እጄን ቆሜም በሕልሜ ያየሁትን መናገር ጀመርሁ።