ከስኳሩ ጎን ያለው ብልቃጥ

ሚስቴ ሰርካዲስ መቀሌ ውስጥ ባዮሎጂ ታስተምራለች። ዓዲ ሓቂ ሰፈር በተከራየነው ቤት ጓሮ፣ ከቧንቧው አጠገብ፣ ያንን ነገር ካገኘች ወዲህ ነው ኑሮዬ የተበላሸው።

ከአፈሩ ጋር የተመሳሰለች፣ የጠርሙስ ቆርኪ የምታህል ክዳን ናት። በወረንጦ ሲገልጧት ከስር በድር የተለበጠ ጉድጓድ አለ፤ ጉድጓዱ ውስጥ ደግሞ ሸረሪት። ጥቁር፣ ወፍራም፣ ሆዷ የጠገበ መዥገር የመሰለ። ጥንዚዛ በአጠገቧ ሲያልፍ ክዳኑን ብድግ አድርጋ ላፍ ታደርገዋለች፤ በማግስቱ የተመጠጠ ቅርፊቱን አውጥታ ትጥላለች። ሰርካዲስ ያንን ቅርፊት በጣቷ እየለቀመች በኪኒን ብልቃጥ ታጠራቅማለች። ብልቃጡን የት ብታስቀምጠው ጥሩ ነው? ከስኳሩ ጎን።

"ስለዚህች ዓይነት የተጻፈ ነገር የለም ማለት ይቻላል፣ ሔሩይ" ትለኛለች። "የማስተርስ ጽሑፌ እሷ ናት።"

እኔን ግን እጇን ባየሁ ቁጥር ያቅለሸልሸኝ ጀመር። አንድ ቀን ሽሮ እየበላን ልታጎርሰኝ ስትል ፊቴን አዞርኩ።

"በዚያ እጅሽ?" አልኳት።

እጇ አየር ላይ ቀረ። ጉርሻውን ራሷ በላችውና ዳግመኛ አላጎረሰችኝም። በአምስት ዓመት ትዳራችን ተኳርፈን እንኳ ጉርሻ ቀርቶ አያውቅም ነበር። ሸረሪቷ ግን ወር ሙሉ አስቀረችው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሰርካዲስ ዩኒቨርሲቲ ስትሄድ ማንቆርቆሪያ ሙሉ ውሃ አፈላሁ። ክዳኑን በሹካ ፈልቅቄ ለቀቅኩባት። እግሮቿ አንዴ ተዘርግተው ተኮማተሩ። የሆነ የተቀቀለ ነገር ሸተተኝ። ክዳኑን መልሼ በጫማዬ ጫን አደረግኩት። ቀና ስል አከራያችን ኣቦይ ገብረተንሳኤ በረንዳቸው ላይ ቆመዋል።

"እንታይ'ዩ ወደይ፣ ምንድን ነው ልጄ፣ ጉንዳን ነው?" አሉኝ።

"አዎ ኣቦይ፣ ጉንዳን ነው።"

ማንቆርቆሪያውን አዩ፤ መሬቱን አዩ፤ ገቡ።

ሰርካዲስ ከዚያ በኋላ በየቀኑ ደብተሯ ላይ "ክዳኑ ዝግ ነው" እያለች ጻፈች።

"እንቁላል ጥላ ይሆናል የዘጋችው" አለችኝ አንድ ማታ፣ ፊቷ በርቶ።

"ይሆናል" አልኩ።

በሦስተኛው ሳምንት አማካሪዋ ዶክተር ኣፅብሃ ሊያዩላት መጡ። እሷው ክዳኑን ገለጠችው። ሸረሪቷ ተጨማድዳ ሻጋታ ወርሷታል፤ አሁን የእውነት ጉንዳን ሆዷን ቦርቡሮ ይመላለስበታል። ዘወር ብዬ ምራቄን ተፋሁ። ዶክተሩ ሌላ ርዕስ እንድትፈልግ ቀስ ብለው ነግረዋት ሄዱ።

"እኔ ነኝ የገደልኳት" አለች ምሳ ላይ። "በየቀኑ ክዳኗን እየነካካሁ አስጨነቅኳት።"

መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። "አይዞሽ" ብቻ አልኩ።

ተነሥታ ብልቃጡን ቆሻሻ ውስጥ ጣለችው። እጇን በሳሙና ሦስት ጊዜ ታጠበች፤ እያየኋት፣ እንዳያት ብላ። ተመልሳ ተቀመጠችና ጠቀለለችልኝ።

"ንጹሕ ነው" አለች፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። "ከእንግዲህ የምትጸየፈው ነገር የለም። ብላልኝ።"

ሸረሪቷን እንኳ ያን ያህል ተጸይፌያት አላውቅም፣ ራሴን የተጸየፍኩትን ያህል። አፌን ከፍቼ ጎረስኩ። እሷም ሁለተኛውን መጠቅለል ጀመረች።