ከጉልበት ኋላ

«ድመት ደብቀው ያሳድራሉ ማለት ነው» አለች ትርንጎ፣ የተወቀጠውን ነጭ ሽንኩርት ደረጃው ላይ እያስቀመጠች።

«የምን ድመት?»

«ጭርት ከድመት ነዋ የሚይዘው።»

አቶ አድማሴ ደረጃ የማጠብ ተራቸው ስለነበር ሱሪያቸውን ጠቅልለው አጎንብሰዋል። የታች ቤቷ ጎረቤታቸው ትርንጎ ከኋላ ስትወጣ ከጉልበታቸው ጀርባ ቀይ ክብ አየች፤ ተመልሳ ወርዳ መድኃኒቷን ወቅጣ መጣች። እሳቸው ጭራሽ አላዩትም። የጉልበትን ኋላ የሚያይ ሌላ ሰው ነው፤ ሌላ ሰው ደግሞ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ፣ እነሆ ስድስት ዓመት፣ ያንን ቤት ረግጦ አያውቅም።

አምስት ቀን ተቀቡ። በሰው አገር የሚኖሩበት ሰፈር፣ ሙርዋይክ፣ በሙሉ ሸተተ። ክቡ ግን አያሳክክም፤ መሐሉ እየነጣ፣ ዳሩ እየሰፋ ሄደ። ሰውነታቸውም ይቆረጣጥማቸው ጀመር።

«ጭርት በአምስት ቀን የስኒ ማስቀመጫ አያክልም» አለች ትርንጎ። «ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።»

ሐኪሙ እግራቸውን አየና መዥገር ነክሷቸው እንደሆነ ጠየቀ። ሳቁ። መዥገር የከብት ነው። ኋላ ግን ትዝ አላቸው፤ እሑድ እሑድ አብሯቸው የሚውል ሰው ስለሌለ ባሕሩ ዳር ያለው ሣር ውስጥ ከነፋሱ ጋር ይውላሉ። ከሦስት ሳምንት በፊት ሰሊጥ የምታህል ነገር ከጉልበታቸው ኋላ ተጣብቃ በእጃቸው ዳስሰው፣ ከአባታቸው ላሞች ላይ ይነቅሉት እንደነበረው በጥፍራቸው ቦጭቀው ጥለዋታል።

«የእኛ አገሩ ሰውም ይነክሳል» አለ ሐኪሙ። «ከእሱ የሚመጣውን በሽታ እኛም በቅርቡ ነው የለየነው። ችላ ቢሉት መገጣጠሚያና ነርቭ ውስጥ ይገባል፤ አሁን ግን በጊዜ ደርሰዋል፣ ክኒኑን ሳያቋርጡ ይጨርሱ።»

ቀጥሎ ምክሩን አወረደው። ሣር ውስጥ ሲሄዱ ሱሪዎን ካልሲ ውስጥ ይክተቱ። ሲመለሱ ገላዎን ይፈትሹ። ካገኟት በወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ይዘው ቀጥ አድርገው ይሳቡ፤ እሳትም ቅባትም አያስጠጉባት።

«እርስዎ የማያዩትን ቦታ ደግሞ የቤትዎ ሰው ይይልዎት።»

«እሺ» አሉ አቶ አድማሴ። በትራሙ ባቡር እስከ ቤት ድረስ ያቺን «እሺ» ሲያሰላስሉ ሄዱ። እሑድን እንዳይተዉ፣ ሌላ ምን ቀራቸው?

የራሳቸውን ደረጃ ከመውጣታቸው በፊት የትርንጎን በር አንኳኩ። ክኒኑን አሳዩዋት፤ የመዥገሯን ነገር ነገሯት፤ ካልሲውንም ሳይቀር። ከዚያ ግን ከበሩ ፈቀቅ አላሉም።

«ሌላስ ምን አለ?»

«ሐኪሙ የማታየውን ቦታ የቤትህ ሰው ይይልህ አለኝ። እኔም...» ባርኔጣቸውን አዟዟሩ። «እሺ ብዬው መጣሁ።»

ትርንጎ የክኒኑን ብልቃጥ ገልበጥ አድርጋ አየችና መለሰችላቸው።

«እንግዲህ እሑድ ሲመለሱ እግርዎን ታጥበው ይምጡ።»